የአቃቂ ጃርት፣ የድሬዳዋ ጃርት

ከጉድጓዱ ውጭ የቀሩት የሟቹ እግሮች ብቻ ነበሩ። ሰውየው እስከ ወገቡ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ የጫማዎቹ አፍንጫ መሬቱን ቧጦ ቧጦ ሁለት ቦይ አውጥቷል። ከባቱ እስከ ዳሌው፣ በካኪ ሱሪው ላይ፣ ወስፌ የሚያህሉ ጥቁርና ነጭ እሾኾች ተተክለውበታል። ከወንዙ ማዶ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ እንደ ወትሮው ይጨሳል። በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. አቃቂ ላይ ሰው ሞተ ተብሎ ማሽን አይቆምም ነበር።

«ጃርት ናት» አሉ ሻምበል ወልደሰንበት፣ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ፣ ቀበቷቸውን ከሆዳቸው በላይ እየሳቡ። «ማለቴ ጃርቷም አለችበት። ገዳዩን ግን ይዘነዋል። ሮሪሳ ይባላል፤ የዚህ የድንች ማሳ ባለቤት ነው። በሰኞ ምድር በከንቱ አደከሙሽ፣ ልጄ።»

የመቶ አለቃ ያለምወርቅ «ልጄ» መባሉን እንዳልሰማ አለፈችው። ከዋናው መምሪያ የላኳት ሟቹ ለፋብሪካው የሚያስፈልግ ሰው ስለነበረ ነው። ከሊል መካኒክ ነበር፤ ከድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። የውጭ አገር ሰው የሆነው የፋብሪካው ዲሬክተር ራሱ ስልክ ደውሎ መርማሪ ጠይቋል።

«ማን ነው ያገኘው?»

«ራሱ ሮሪሳ። ጠዋት እያለከለከ መጥቶ ማሳዬ ላይ ሰው ሞቷል አለን። ወዲያው ያዝነው።»

«ሮጦ ስለመጣ?»

«ካልገደለው በምን ያውቃል? ደግሞ ምክንያት አለው። ልጁን ዳሲቱን የጥጥ ማበጠሪያው ማሽን እጇን ቆርጧታል። ማሽኑን የሚጠግነው ደግሞ ከሊል ነው። ቂም ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው፤ ጃርቷም ስትወጣ እሾኋን ወረወረችበት። እስከ ማታ ያምናል፤ ነገ ወደ ከተማ ይጫናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገመድ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ያለምወርቅ ሬሳውን ስበው እንዲያወጡት ፖሊሶቹን አዘዘች። የከሊል አፍና አፍንጫ በአፈር ተደፍኗል። በቀኝ እጁ መዳፍና ጣቶች ላይ እሾኾች ገብተው ዙሪያቸው ደም ደርቋል። አጎንብሳ ከጭኑ ላይ አንዱን እሾህ ነቀለች። ከትራስ ላይ መርፌ እንደመንቀል ቀለላት፤ ጠብታ ደም የለበትም።

ከደረቱ ሥር የተጨፈለቀ የሳሙና ካርቶን ወጣ።

«ምሳው ነው» አሉ ሻምበሉ።

ያለምወርቅ ካርቶኑን ከፈተችው። ውስጡ ንጹሕ ጥጥ ተነጥፎበታል። ክዳኑ በምስማር ብዙ ቦታ ተበስቷል።

«ምሳ ይተነፍሳል እንዴ፣ ሻምበል?»

መልስ እስኪያገኙለት አልጠበቀችም። ሬሳው ተጋድሞበት ከነበረው ቦታ ጀርባ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር፣ ሌላ ቀዳዳ ነበር፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የተበተነ ትኩስ አፈር አለው። ሣሩ ተረጋግጧል። እዚያ ከወደቀው ድርቆሽ መሀል አንድ እሾህ አነሣች፤ ጫፉ ተሰብሯል፤ የተሰበረበት ቦታ ላይ ደም አለ። በመሐረቧ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ሻምበሉ በዚህ ጊዜ ስለ ፀሐዩ ያማርሩ ነበር።

ሮሪሳ በጣቢያው የኋላ ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ውስጥ እግሮቹ ከመገረፋቸው የተነሣ ተነፍተው የሰው እግር አይመስሉም። ልጁ ዳሲቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ የቀኝ እጅጌዋ ከአንጓዋ በታች ባዶውን ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«አባባ ሮሪሳ፣ ሱሪዎን እስከ ጉልበትዎ ይሰብስቡልኝ» አለች ያለምወርቅ።

«ቀሪውን ልትገርፉት ነው?» አለች ዳሲቱ።

«ላየው ነው።»

ባቱ ላይ የአለንጋ ሰንበር አለ፤ የተወጋ ቦታ ግን የለም። ያለምወርቅ ሱሪውን ራሷ መለሰችለት።

«ከሊልን ያውቁታል?»

«ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ ነበር፣ እመቤቴ። የልጄን እጅ አይቶ እንደ ሴት አለቀሰ። የማሽኑን የብረት ክዳን ሆነ ብሎ ያስፈታ ሰው አለ አለኝ፤ ጥጡ ቶሎ ቶሎ እንዲያልፍ። ስሙን ንገረኝ ብለው እምቢ አለ። ሰኞ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ፊት ለፊት እናገራለሁ፤ ለአንተ ብነግርህ ጦር ይዘህ ትወጣለህ አለኝ።»

«ይወጡ ነበር?»

«እወጣ ነበር።»

«አባኮ!» አለች ዳሲቱ አባቷን።

«ምን ልዋሽ? እወጣ ነበር። ግን በከሊል ላይ አይደለም። በአቃቂ ቤቴ ገብቶ ይቅርታ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

«ሌላ ነገር ልጠይቅዎት። ጃርት እሾኋን ትወረውራለች?»

ሮሪሳ ከዚያ ሁሉ ግርፋት በኋላ ሳቀ። «ብትወረውር እኔ እስካሁን ወንፊት ሆኜ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ድንቼን ስትበላ እየጠበቅሁ ነው ያደርሁት። ጃርት አትወረውርም። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወደ ኋላ እየሮጠች ነው የምትመጣብዎት። ስትነካዎት ነው እሾኋ ሥጋዎ ላይ የሚቀረው። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።»

«የአቃቂ ሕፃን?»

«የገበሬ ሕፃን። የከተማውን እንጃ።»

«ጉድጓዷስ?»

«ሁለት በር አለው። አንድ በር ያለው ቤት ውስጥ የምትተኛ ጃርት የለችም። በአንዱ የገባ ሰው ካለ በሌላው ትፈተለካለች።»

ያለምወርቅ ወደ ውጭ ስትወጣ ዳሲቱ ተከተለቻት።

«ክዳኑን ያስፈታው ማን ይመስልሻል?»

«ወይ ዲሬክተሩ ነው ወይ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው አምባው። ምን ይለያያቸዋል? አምባው ዲሬክተሩ ባሳለ ቁጥር ከመቀመጫው የሚነሣ ሰውዬ ነው። የመኪናውን ጡሩምባ ሲሰማ እንኳ ኮፍያውን ያወልቃል።»

«እጅሽ የተቆረጠ ጊዜ ምን አለ?»

«ጥጡ በደም ተበላሸ አለ።»

ያለምወርቅ ራሷን ነቀነቀችና መኪናው ውስጥ ገባች። አይዞሽ ማለት ያስጠላት ነበር፤ አይዞሽ ያለ ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

የከሊል ሚስት ዘኪያ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበረች። እርጉዝ ናት፤ ጎረቤቶቿ ከበዋታል። ያለምወርቅ ጎረቤቶቹን አስወጣችና ካርቶኑን ፊቷ አስቀመጠች። ዘኪያ ጥጡን ስታይ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«እኔ ነኝ የገደልሁት።»

«አይደለሽም። ለቅሶውን ለኋላ አቆዪውና ይህ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

«ለጃርቱ ነው። የዚህ ቤት በረሮ እንቅልፍ ነሣኝ ብዬው ነበር። እናቴ ቤት ድሬዳዋ ጃርት ነበረን፤ በረሮውንም ጊንጡንም ለቅሞ ይጨርሰዋል። አንድ ጃርት ብታመጣልኝ አልሁት። በቀልድ ነው! እሱ ግን እኔ የምለውን ሁሉ ከምር ነው የሚወስደው።»

«ምን ያህላል የእናትሽ ቤት ጃርት?»

ዘኪያ ሁለት መዳፏን እንደ ጽዋ አገናኘች። «ይህን። ሲፈራ ኳስ ይሆናል። ልጆች ሆነን እያንከባለልን እንጫወትበት ነበር። በእጅ ይያዛል እኮ! እንዴት ሰው ይገድላል?»

ያለምወርቅ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ሕይወት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን መምህራቸው ሁለት በጭድ የተሞሉ የእንስሳ ቆዳዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር። አንደኛው የውሻ ቁመት ያለው፣ ሥርና ድንች የሚበላ፣ የአይጥ ወገን፤ ሁለተኛው በጭብጥ የሚያዝ፣ ነፍሳት የሚበላ፣ ከመጀመሪያው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው። በአማርኛ የሁለቱም ስም ጃርት ነው። ሰው እሾህ ያለበት ቆዳ አየና ከዚያ በላይ መመልከት ታከተው፣ ብሎ ነበር መምህሩ። የአቃቂ ገበሬ ሁለተኛውን አያውቀውም፤ ከድሬዳዋ የመጣ ሰውም የመጀመሪያውን ላያውቀው ይችላል።

«ጃርት እንደሚፈልግ ለማን ተናገረ?»

«ታጁ ሱቅ ሄጄ ካርቶን እጠይቃለሁ ብሎ ወጣ። ቅዳሜ ነው። ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር፤ ያለበትን የሚያሳየኝ ሰው አገኘሁ አለ። ማን ነው ብለው ትስቂያለሽ አለኝ።»

«ለምን ትስቂያለሽ?»

«እንጃ። ጠላቴ ታረቀኝ የሚል ሰው ነበር የሚመስለው።»

ታጁ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሱቅ አለው፤ ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ ሳሪስ ላይ በጉሊት የጀመረ ነጋዴ ነው። ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ያለምወርቅ ስትገባ የሚመዝነው ስኳር ሚዛኑ ላይ ቀረ።

«እጅህን ምን ነካህ?»

«የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ብትፈልጊ ቆርቆሮውንም ላሳይሽ።»

«ፍታው።»

ፈታው። ከአውራ ጣቱ እስከ መዳፉ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ስንጥቅ ነው።

«ለከሊል ካርቶን ሰጥተኸዋል።»

«ሰጥቻለሁ። ካርቶን መስጠት ወንጀል ሆነ?»

«ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ነገረህ?»

«ጃርት ሊይዝበት። በእጁ መጠኑን ሲያሳየኝ ሳቅሁ። ወንድሜ፣ ይህ ካርቶን የጃርቷን አፍንጫም አይዝ አልሁት። አላመነኝም። የእናንተ ጃርት አርጅቶ ይሆናል እንጂ እኔ ጃርት አውቃለሁ ብሎ ሳቀብኝ።»

«ሌላ ማን ነበረ?»

ታጁ በሩን አየ። ከበሩ ማዶ የፋብሪካው ግንብ ነበር። «ማንም አልነበረም።»

«ሱቅህ የቆመበት መሬት የማን ነው?»

«የፋብሪካው።»

«ከዚህ ላስነሣህ የሚልህ ማን ነው?»

«እትዬ፣ ስኳር ካልገዛሽ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

ከኋላዋ ደንበኛ አልነበረም። «ጃርት እሾኋን ትወረውራለች፣ ታጁ?»

«ትወረውራለች ይባላል። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የምሸጠው ሳሙና ነው።»

የካቦው ቢሮ በመስታወት ከማሽኑ አዳራሽ ተለይቷል። አምባው ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጢሙን የተከረከመ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ በደንብ የተቀመጠ ሰው ነው። አጠገቡ ሁለት ጸሐፊዎች ይሠራሉ። ያለምወርቅን ተቀምጦ ነው የተቀበላት፤ እሷም ለሴት ፖሊስ የማይነሣ ወንድ ብዙ አይታለች።

«ከሊል ጥሩ መካኒክ ነበር» አለ። «ነፍሱን ይማር። ግን ግልጽ እንነጋገር፤ የገበሬዋን ልጅ እጅ ያስበላት እሱ ነው። ክዳን ፈትቶ ሳይገጥም የሄደ መካኒክ ነው።»

«ማን ፍታ አለው?»

«ማንም። ቸልተኝነት ነው።»

«ጃርት እየፈለገ እንደነበር ያውቃሉ?»

«እኔ? ከየት አውቄ? ማሽን ነው የማወራው ከሱ ጋር።»

«ሻምበል ወልደሰንበት ጃርቷ እሾኋን ወረወረችበት ይላሉ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

አምባው ፈገግ አለ። መጠየቅ ይወድ ነበር። «እንዴታ! እንደ ቀስት ነው የምትለቀው። ዘወር ብላ ጅራቷን ነቅነቅ ስታደርግ ከዚህ እስከዚያ በር ይደርሳል። ሮጦ የሚያመልጣትን ከኋላው ትደረድርበታለች።»

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፍቶ ዲሬክተሩ ገባ። ሁለቱ ጸሐፊዎች ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሡ። አምባው «ጌታዬ» አለና እርሳሱ ወደቀ፤ እርሳሱን ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ነገሩ መቼ ያልቃል?» አለ ዲሬክተሩ በተሰባበረ አማርኛ። «ተቆጣጣሪው ዛሬ ነበረ የሚመጣ፤ በሬሳ ምክንያት ቀረ። ለእኔ ጥሩ። ግን ሠራተኛ ወሬ ነው፤ ሥራ የለም።»

«ለእርስዎ ጥሩ መሆኑን አስታውሳለሁ» አለች ያለምወርቅ። «እርስዎስ ያውቃሉ፣ ጃርት እሾኋን ትወረውራለች?»

«እኔ ጃርት አላይም። እኔ ጥጥ ነው የማይ።»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችሁንም ጥጥ መጋዘኑ ውስጥ እፈልጋችኋለሁ። ለአቶ አምባው ከዚህ ቅርብ ነው፤ አይደክማቸውም።»

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሻምበሉ ደስ ብሏቸው ጠበቋት።

«አመነ!» አሉ። «ቀትር ላይ አመነ። ገፈተርሁት፣ ጃርቷም ወረወረችበት አለ።»

«ወረወረችበት ብሎ በራሱ አፍ?»

«እኛ ስንጠይቀው አዎ አለ። ምን ልዩነት አለው?»

«አንድ ሰው ይሰቀልበታል፣ ሻምበል። ልዩነቱ ይኸው ነው።»

ሰዎቹ ዙሪያውን በታሰረው ጥጥ ላይ ተቀምጠዋል። አምባው ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ በሩ አጠገብ ቦታ ይዟል። ታጁ የተጠቀለለ እጁን ታቅፏል። ዘኪያና ዳሲቱ ጎን ለጎን ናቸው። ሮሪሳን ሁለት ፖሊሶች አንጠልጥለው አምጥተው መሬት ላይ አኑረውታል።

ዲሬክተሩ መጨረሻ ላይ ገባ። ሰዉ እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ ታጁም፣ ሴቶቹም፣ ሻምበሉም። ሮሪሳ እንኳ ግድግዳውን በጥፍሩ ይዞ ሊነሣ ሞከረና በዚያ እግሩ ቆሞ መቆየት አቅቶት ተመልሶ ወደቀ። ያለምወርቅ ይህን ሁሉ በደንብ አየች። ከዚያ መናገር ጀመረች።

«ከዚህ ካርቶን ልጀምር። ክዳኑ ለአየር ተበስቷል፤ ውስጡ ጥጥ አለበት። ከሊል በሕይወት ያለ፣ ትንሽ፣ የሚወደድ እንስሳ ሊያስገባበት ነበር። ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ጃርት አለ። ስለዚህ ሻምበል ተገፍትሮ ነው ቢሉም ማንም አልገፈተረውም። በገዛ ፈቃዱ፣ ባዶ እጁን ቀድሞ ሰዶ ገባ። መዳፉ ላይ ያሉት እሾኾች ዙሪያቸው ደም አለው፤ በሕይወት እያለ ነው የተወጋው።»

«ታዲያ ጃርት ገደለው ማለት ነው» አለ ዲሬክተሩ። «አለቀ።»

«አላለቀም። በእሾህ እጁን የተወጋ ሰው ይጮኻል፤ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሚስቱ ትስቅበታለች። ከሊል ግን አልወጣም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም አሁን በስልክ እንደነገረኝ ከሊል የሞተው ታፍኖ ነው። ጉድጓዱ ተንዶበት አፈር እየተነፈሰ ነው የሞተው። ከጭኑ ኋላ ደግሞ የሰው ጉልበት ያረፈበት በለዝ አለ። ወደ ኋላ ሊወጣ ሲፍጨረጨር አንድ ሰው እግሩ ላይ ተንበርክኮ ነበር። እግሩ መፍጨርጨር እስኪያቆም ድረስ።»

ዘኪያ ድምፅ አወጣች። ዳሲቱ በቀረው እጇ ትከሻዋን ያዘች። ያለምወርቅ ቀጠለች።

«ከዚያ በኋላ ገዳዩ አንድ ነገር ጨመረ። ጃርቷ ስታመልጥ የረገፈውን እሾህ ለቅሞ የከሊል ባትና ጭን ላይ ተከለ፤ ጃርት ወረወረችበት እንዲባል። እነዚህ እሾኾች ደም የላቸውም፤ የተሰኩት ሬሳ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው ገዳዩ የተሳሳተው። ጃርት እሾህ አትወረውርም። አባባ ሮሪሳ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እሳቸው ገድለው ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር በሐሳባቸውም አይመጣም ነበር። ይህን ያደረገው ጃርት በወሬ እንጂ በዓይኑ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ግን ወረወረችበት ብሎ አምኗል!» አሉ ሻምበሉ።

«እርስዎም ትወረውራለች ብለው ስለሚያምኑ ነዋ። የእርስዎን ቃል ነው መልሶ የሰጠዎት።»

አምባው ከት ብሎ ሳቀ። «የመቶ አለቃ፣ እኔም ትወረውራለች ብዬሻለሁ። ታጁም ብሎሻል። ጃርት ትወረውራለች ያለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ ግማሽ አዲስ አበባን እሰሪያ!»

«ልክ ነህ» አለችው። እርስዎ ማለቷን በዚያች ቅጽበት መተዋን ሁሉም ሰማ። «ግማሽ አዲስ አበባ ግን ትናንት እግሩን በጃርት አልተወጋም።»

መሐረቧን ፈታችና ጫፍ የሌለውን እሾህ አሳየች። «የጃርት ጉድጓድ ሁለት በር አለው። ገዳዩ ይህንንም አላወቀም። ከሊል እግር ላይ ሲንበረከክ ጀርባውን ለሁለተኛው በር ሰጥቶ ነበር። ጃርቷ በዚያ ወጥታ ወደ ኋላ እየሮጠች ገባችበት። ይህን እሾህ ከእግሩ ሲነቅል ጫፉ ተሰብሮ ቀረ። ሐኪሙ ከከሊል ሥጋ ያወጣቸው ሁሉ ጫፋቸው ሙሉ ነው። አባባ ሮሪሳን አይቻለሁ፤ እግራቸው ላይ የእናንተ አለንጋ እንጂ እሾህ የለም። የታጁ እጅ በቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። ዲሬክተሩ አሁን ከበሩ እዚህ ድረስ እንደ ጎረምሳ ተራምደው መጡ።»

ወደ አምባው ዞረች።

«ዲሬክተሩ ባሳሉ ቁጥር ትነሣለህ ይባላል። ዛሬ ጠዋት ቢሮህ ሲገቡ እርሳስ ፈለግህ። አሁንም ሲገቡ ውስጥ እግሩ የተገረፈ ሰው እንኳ ሊነሣ ሲሞክር አንተ ጥጡ ላይ እንደ ተሰፋህ ቀረህ። ተነሥ፣ አምባው። ሳትደገፍ።»

አምባው አልተነሣም። ላብ ከግንባሩ ወደ ጢሙ ወረደ።

«ተነሣ!» አለ ዲሬክተሩ።

ልማድ ክፉ ነገር ነው። አምባው ዲሬክተሩን ሰምቶ ብድግ አለ፤ ቀኝ እግሩ ከዳውና ጮኾ በጉልበቱ ወደቀ። አንድ ፖሊስ ሱሪውን ሰበሰበ። ባቱ አብጦ ጠቁሯል፤ መግል ከያዘው ቀዳዳ ዙሪያ ቀይ መስመር ወደ ጉልበቱ ይወጣል። የፋብሪካው ክሊኒክ ከቢሮው ፊት ለፊት ነበር፤ ነርሷ የጃርት እሾህ ካየች ትጠይቃለች ብሎ ግን አልሄደም።

ያኔ ታጁ ተናገረ። «እሱ ነው! ቅዳሜ ሱቄ ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣ ነበር። ከሊል ጃርት ብሎ መዳፉን ሲያሳይ እኔ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። እኔ አሳይሃለሁ፣ እሁድ ከሰዓት ና፣ እንታረቅ አለው።»

«ጠዋት ለምን አልተናገርህም?» አለች ዳሲቱ።

«ሱቄን ያፈርሰው ነበራ!»

ዳሲቱ ከእግሩ ሥር ተፋች።

«ክዳኑን ያስፈታሁት እኔ አይደለሁም» አለ አምባው መሬት ላይ ሆኖ። ዲሬክተሩን እንጂ ያለምወርቅን አያይም። «ጥጥ ቶሎ ይለፍ ሲባል ምን ላድርግ? ተቆጣጣሪ ፊት ያዋርደኝ ነበር። ደግሞ ራሱ ነው የገባው! እየሳቀ ገባ። እኔ እግሩን ብቻ ነው የያዝሁት።»

«ምን አለ ውስጥ ሆኖ?» አለች ዘኪያ። እስከዚያ ድረስ እንደዚያ ባለ ጸጥታ ተናግራ አታውቅም።

አምባው ዓይኑን ወደ ዲሬክተሩ መለሰ።

«ሲጮህ ሰምተኸዋል። ምን አለ?»

«ይህ ጃርት አይደለም አለ» አለ አምባው። «ደጋግሞ። ይህ ጃርት አይደለም፣ አውጣኝ ነው ያለው።»

ዲሬክተሩ ሰዓቱን አየና ካቦ ሳይኖር የማታው ፈረቃ እንዴት እንደሚገባ በራሱ ቋንቋ እያጉረመረመ ወጣ። ያለምወርቅ ከኋላው «ክዳኑን ይፍቱ ያለው ማን እንደሆነ ነገ ቃልዎን እቀበላለሁ» አለችው። ዞሮ አላያትም፤ እንደማይመጣም እሱም እሷም ያውቃሉ። አምባውን እየጎተቱ አወጡት፤ ሐኪም፣ ሐኪም እያለ ነበር። ሻምበል ወልደሰንበት ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ሮሪሳ አጠገብ ቆሙ። ሰውየው ነፃ መሆኑን ሲነግሩት አንድ ትልቅ ስጦታ የሚሰጡት ይመስል ነበር።

«ግን አንተ ሰውዬ» አሉት፣ ከልባቸው ገርሟቸው፣ «ካልገደልህ ለምን አመንህ?»

ሮሪሳ እግሮቹን ተመለከተ።

«እግሬን ላተርፍ ብዬ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። ያለምወርቅ የፖሊሱን መኪና ጠየቀች፤ አምባውን ይዞ ሄዷል ተባለች። ዳሲቱ ማንንም አልጠየቀችም። ከአባቷ ፊት በርከክ ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ያዘኝ፣ አባኮ» አለችው። «በሁለቱም እጅህ ያዘኝ። እኔ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።»